ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፦ ከሕክምና ወደ አስተዳደር

የማኅበራችን የዓመት መጽሔት አዘጋጆች ስለ ጤና አገልግሎት አስተዳደር ከፍተኛ ትምህርት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ሲጠይቁኝ፣ ጥያቄው ለመሐንዲስ መቅረቡ አንዳንድ የሙያ ጓደኞቼን ሳያስገርም አልቀረም። ይሁን እንጂ እንደ ገንዳ ውሃ ባለ የቆላ ከተማ ለሚሠራ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። የጤና ተቋም ሐኪምና መድኃኒት ብቻ አይደለም። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው፤ ሌሊት የማይጠፋ መብራት ነው፤ ክረምት መንገዱን ሳይዘጋ መድረስ ያለበት ጭነት ነው፤ በሰዓቱ የሚከፈል ደመወዝና በትክክል የተያዘ መዝገብ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ አሳብ አስተባብሮ የሚመራ ሰው ከወዴት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ሐኪሙንም፣ የሒሳብ ሠራተኛውንም፣ መሐንዲሱንም እኩል የሚመለከት ነው።

ለጥያቄው መልስ ለመፈለግ የአንድ ሰው ሕይወት መምረጤ ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናዊ ትምህርት ሰልጥነው የሕክምና ማዕረግ በማግኘት ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው መሆናቸው የሚነገርላቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የተወለዱት በዚሁ በጎንደር ምድር ሲሆን፣ ዕድሜያቸውን የፈጸሙት ግን ከሕክምናው ይልቅ በአስተዳደር ሥራ ነው። ስለ ሐኪምነታቸው ብዙ ተብሏል። ስለ አስተዳዳሪነታቸው የተባለው ግን ከሥራቸው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

የመቅደላው ሕፃን

ወርቅነህ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ ይባሉ ነበር። ነጋድራስ የነጋዴዎች አለቃ ማዕረግ መሆኑ ይታወቃል። በዚያ ዘመን የጎንደር ነጋዴ ከሚመላለስባቸው ታላላቅ መንገዶች አንዱ በጭልጋ በኩል ቁልቁል ወርዶ መተማ የሚያደርሰው ነበር። በዚያ መንገድ ቡናና ሰም ወደ ሱዳን ይወርዳል፤ ጥጥና የውጭ አገር ሸቀጥ ወደ ደጋው ይወጣል። ስለዚህ ሕፃኑ የተወለደው ሒሳብ፣ ጉዞና ዕቃ የዕለት ወሬ በሆኑበት ከተማ ነው ማለት ይቻላል።

ያ ዘመን ግን የሰላም ዘመን አልነበረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተጣሉበት ጊዜ የነጋድራስ እሸቴ ቤተሰብ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር መቅደላ ላይ ይገኝ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅና ንጉሡ ራሳቸውን ሲሠዉ፣ በነበረው ሁከት መካከል ሦስት ዓመት ያህል የሆነው ልጅ ከወላጆቹ ተለየ። ሕፃኑን ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡት ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባሉ መኮንን አንሥተው ወደ ሕንድ አገር ወሰዱት። እኒህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሞቱ፣ የማሳደጉን ኃላፊነት ኮሎኔል ማርቲን የተባሉ ሌላ መኮንን ተቀበሉ። ልጁም ቻርልስ ማርቲን ተብሎ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አደገ። አገሩንም ቋንቋውንም ረሳ። የትውልዱ ምልክት ሆኖ የቀረለት በአካሉ ላይ የነበረ ጠባሳና ከወዴት እንደመጣ ሰዎች የነገሩት ወሬ ብቻ ነበር።

ትምህርትና የበርማ ዓመታት

ወጣቱ በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1874 ዓ.ም. ተመረቁ። ዕድሜያቸው በዚያን ጊዜ ገና አሥራ ስምንት ዓመት ያህል ነበር። በእንግሊዝ ሕንድ መንግሥት ሥር በረዳት ሐኪምነት ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ፣ ያጠራቀሙትን ይዘው ወደ ስኮትላንድ ተሻገሩ። በኤዲንብራም ትምህርታቸውን ቀጥለው የሐኪምነትና የቀዶ ጥገና ፈቃድ አገኙ። ይህ በዘመኑ አቆጣጠር ከፍተኛ ትምህርት የሚባለው ነው። ከሕንድ የተገኘው ማስረጃ ረዳት ሊያደርግ ይችላል፤ ከኤዲንብራ የተገኘው ግን ዋና ሐኪም አድርጎ ራስን ያስችላል።

ከዚያ በኋላ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆኑ። ለያዝነው ጉዳይ ዋናው ነጥብ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። በእንግሊዝ ሕንድ ሥርዓት የአውራጃ ሐኪም ማለት በሽተኛ የሚያይ ሰው ብቻ አልነበረም። ሆስፒታሉን ያስተዳድራል። የመድኃኒት ክምችቱን ይቆጣጠራል። የፈንጣጣ ክትባቱን ያደራጃል። የከተማውን ንጽሕና ይመለከታል። የሟችና የታማሚ ቁጥር ይመዘግባል። በብዙ ቦታም የወኅኒ ቤቱ አላፊነት ተደርቦ ይሰጠዋል። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ የሠራውንና ያወጣውን በአሐዝ ዘርዝሮ ለበላዮቹ ያቀርባል። የጤና አገልግሎት አስተዳደር በስሙ የሚጠራ ትምህርት በዓለም ላይ ገና አልተከፈተም ነበር። ወርቅነህ ግን ትምህርቱን በሥራ ላይ ሆነው ወስደውታል ብንል ማጋነን አይሆንም። ከዚያ ሥርዓት ያገኙት ልማድ፣ ማለትም ነገርን በጽሑፍ መያዝ፣ በጀትን አስቀድሞ ማስላት፣ ሥራን ለሰው ሰጥቶ ውጤቱን መጠየቅ፣ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ አልተለያቸውም። የዕለት ማስታወሻ የመጻፍ ልማዳቸውም ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የዘለቀ ነበር።

የዐድዋ ወሬ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ የተገኘው ድል በዓለም ሲሰማ፣ በርማ የነበረው ሐኪም የኢትዮጵያዊነት ስሜቱ ተቀሰቀሰ። ተወልጄበታለሁ የሚሉት አገር ራሱን የቻለ፣ ሌላውን ዓለም ያስገረመ አገር ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ከሥራቸው ፈቃድ ወስደው ተነሡ። ጉዞውም በአንድ ጊዜ የተሳካ አልነበረም። በ1891 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ደርሰው ድንኳን ተክለው በሽተኛ ያለ ክፍያ ማከም ጀመሩ። በልጅነቱ መቅደላ ላይ የጠፋ ሐኪም ከሕንድ መጥቷል የሚለው ወሬም በከተማው ተሰማ።

ወሬውን ከሰሙት መካከል አያታቸው ነበሩ። አያትየው መጥተው ከሕፃንነቱ የሚያውቁትን ጠባሳ በአካላቸው ላይ አይተው የልጅ ልጃቸው መሆኑን እንዳረጋገጡ ይነገራል። ነገሩ የሚያሳዝነው፣ አያትና የልጅ ልጅ የተነጋገሩት በአስተርጓሚ መሆኑ ነው። ወርቅነህ እሸቴ የሚለውን ስማቸውን ያገኙት ከዚህ በኋላ ነው። አማርኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ ከፊደል ጀምረው ተማሩ። ሐኪሙ በዚያን ጊዜ ሠላሳውን ዓመት አልፈዋል።

ሁለት ጌቶች

ከዚህ በኋላ ያሉት ሃያ ዓመታት የመመላለስ ዓመታት ናቸው። ደመወዛቸውና ጡረታቸው በእንግሊዝ መንግሥት እጅ ነው፤ ልባቸው ግን በኢትዮጵያ ነው። በ1893 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ከሰይድ ሙሐመድ አብዲሌ ሐሰን ጋር ለመዋጋት ወደ ኦጋዴን በዘመተ ጊዜ በሐኪምነት ተከትለው ዘመቱ። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ወደ በርማም ተመልሰው አገለገሉ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው እንደገና አዲስ አበባ መጡ። ዐፄ ምኒልክ በሕመም በተያዙበት በዚያ ዘመንም ንጉሡን ከሚያክሙት መካከል ሆኑ።

ይህ ሁኔታ ቀላል አልነበረም። በአንድ በኩል የእንግሊዝ ተቀጣሪ ናቸው ተብለው በአገር ሰው ይጠረጠራሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ኢትዮጵያዊ ናቸው ተብለው በእንግሊዞች ዘንድ ሙሉ እምነት አያገኙም። ብዙ የተማረ ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ አንዱን ጎን መርጦ ዝም ብሎ ይኖራል። ወርቅነህ የመረጡት ጡረታቸው እስኪከበር ድረስ ታግሰው ማገልገልና ከዚያ በኋላ ጠቅልሎ መግባት ነበር። በ1911 ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ ከነቤተሰባቸው አገራቸው ገቡ። ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ዓመት ያህል ሆኖ ሳለ፣ ሌላው ሰው በሚያርፍበት ጊዜ እሳቸው ዋናውን ሥራቸውን ጀመሩ።

ከሕክምና ወደ አስተዳደር

በዚያን ጊዜ የነበረችው ኢትዮጵያ ሐኪም ብቻ አልነበረም የጎደላት። በ1902 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ስም ሆስፒታል ተከፍቷል፤ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም የቤተ ሳይዳን ሆስፒታል አቋቁመዋል። ነገር ግን ተቋማቱን የሚሠሩባቸውና የሚመሩዋቸው በአብዛኛው የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። የአገሩን ሰው አስተምሮ በቦታው የሚያቆም ሥርዓት ገና አልተፈጠረም። ሐኪም ወርቅነህም በሽተኛ ከማየት ይልቅ ሰው የሚያፈሩ ተቋማትን ማደራጀት የሚበልጥ መሆኑን የተረዱ ይመስላል።

ሚያዝያ 19 ቀን 1917 ዓ.ም. የተመረቀው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ። ፍቅርና አገልግሎት የሚባል ማኅበር መሠረቱ። ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት ቤት አቋቁመው ልጆቹ ፊደልና የእጅ ሥራ እንዲማሩ አደረጉ። የውጭ አገር ዜጎች ጉዳይ በሚታይበት ልዩ ፍርድ ቤትም ዳኛ ሆነው ሠሩ። ጎልማሳ ሳሉ ፊደል የቆጠሩበትን አማርኛ እስከ መጻፍ ደርሰው፣ በ1920ዎቹ መግቢያ ላይ በአማርኛ የተጻፈ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳተሙ። ቋንቋውን በአስተርጓሚ የጀመረ ሰው ለአገሩ ተማሪ መማሪያ መጽሐፍ ማቅረቡ ከማንኛውም ማዕረግ የሚበልጥ ምስክር ነው።

የጣና ግድብ ጉዳይ

ለእኛ ለመሐንዲሶች ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበን የ1920 ዓ.ም. መልእክታቸው ነው። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል መሠረት ኢትዮጵያ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳትስማማ እንደማትሠራ ተገልጾ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንግሊዞች በጣና መውጫ ላይ ግድብ አሠርተው ለሱዳንና ለግብፅ እርሻ ውሃ ለማጠራቀም ብዙ ጊዜ ጠይቀዋል። ራስ ተፈሪ የፈለጉት ግን ግድቡ ቢሠራ ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንግሥት እንዲሆንና ሥራውም በአካባቢው ፍላጎት በሌለው ኩባንያ እንዲከናወን ነበር። ስለዚህ ሐኪም ወርቅነህን ወደ አሜሪካ ላኩ።

ሐኪሙም በኅዳር 1920 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምህንድስና ኩባንያ ጋር ተነጋገሩ። ወሬው ሲሰማ በለንደንና በካይሮ ብዙ ጭንቀት ፈጠረ። በሃርለምም ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው የእጅ ሙያና ትምህርት ያላቸው ሰዎች ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ኩባንያው በኋላ ባለሙያዎቹን ልኮ ጣናን አስጠና። ግድቡ ግን በዚያ ዘመን አልተሠራም፤ የጣሊያን ወረራ ሁሉንም አቋረጠው። የጣናን መውጫ የሚቆጣጠረው የጨራ ጨራ ግድብ የተጠናቀቀው በ1988 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ የተመረቀውም በ2002 ዓ.ም. ነው።

በዚህ ጉዳይ የሚያስደንቀው አንድ ሐኪም የግድብ ውል ለመነጋገር መላኩ ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። የሚፈለገው ግድብ የሚቀይስ ሰው አልነበረም፤ ያ በገንዘብ ይገኛል። የሚፈለገው ውልን አንብቦ የሚረዳ፣ ወጪን ከጥቅም ጋር የሚያመዛዝን፣ ከባለሙያዎች ጋር ተነጋግሮ ለባለሥልጣኑ በግልጽ የሚያስረዳ ሰው ነበር። ይህ ችሎታ የሕክምናም የምህንድስናም አይደለም፤ የአስተዳደር ችሎታ ነው።

የጨርጨር አገረ ገዥ

በ1922 ዓ.ም. ማለቂያ ገደማ አዛዥ ተብለው የጨርጨር አውራጃ አገረ ገዥ ሆኑ። በጨርጨር ላይ አዲስ የአስተዳደር ሥርዓት እንዲሞከር አስቀድመው መሠረቱን የጣሉት፣ የአሰበ ተፈሪንም ከተማ የቆረቆሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ጨርጨር የቡና አገር ነው፤ የባቡር ሐዲዱም ቅርብ ነው። ስለዚህ አውራጃው ለሌሎቹ ምሳሌ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበር። አዛዥ ወርቅነህም ሥራውን ተቀብለው አስፋፉት። በእህልና በጉልበት ይከፈል የነበረውን የጭሰኛ ሸክም በገንዘብ ግብር ለመተካት፣ ሹሙ በመሬት ሳይሆን በደመወዝ እንዲያድር ለማድረግ፣ መንገድና ትምህርት ቤት ለማሠራት ደከሙ። በየቢሮው የተማሩ ወጣቶችን አስቀመጡ። የገቢውንና የወጪውን ሒሳብ በመዝገብ አስያዙ።

ሥራው ያለ ተቃውሞ አልተካሄደም። በአሮጌው ሥርዓት የሚጠቀሙ ሰዎች ለውጡን አልወደዱትም። እሳቸውም ቁጡና በሥራ ላይ ጥብቅ ሰው እንደነበሩ ይነገራል። ይሁን እንጂ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ጨርጨር ከሌሎቹ አውራጃዎች ተለይቶ የሚጠቀስ ሆነ።

ለንደንና የሁለት ልጆች ሞት

በ1927 ዓ.ም. በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር ድንበር ሲጥስ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ያሳደጋቸው የእንግሊዝ መንግሥት ኢትዮጵያን ለመርዳት ሲያመነታ፣ በዚያው አገር ቋንቋ በአደባባይ ተሟገቱ። ለተጎጂዎች የሚሆን ገንዘብና መድኃኒት ለማሰባሰብም ደከሙ።

በዚህ ጊዜ የደረሰባቸው ኀዘን ከሁሉ የበረታ ነው። ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ወደ አገራቸው የተመለሱ ወጣቶች ነበሩ። ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ከራስ እምሩ ጋር በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቁ። የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተማረውን ወጣት መርጦ ያጠፋው ጭፍጨፋ እነሱንም ወሰዳቸው። በዚያ ጭፍጨፋ አገሪቱ ያጣችው ለሠላሳ ዓመታት ያህል በብዙ ድካም ያፈራቻቸውን ጥቂት ባለሙያዎች ነው። አባት ሰው ለማፍራት የደከሙበት ሥራ በገዛ ልጆቻቸው ላይ ደረሰ።

አዛዥ ወርቅነህ ከለንደን ወደ ሕንድ ሄደው ከቆዩ በኋላ፣ ነፃነት ሲመለስ አገራቸው ገቡ። በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰማንያ ሰባት ዓመት ያህል ሲሆናቸው አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ።

ያልተተከለው ተቋም

የእኒህ ሰው ሕይወት ለአድናቆት ብቻ የሚነገር ከሆነ ጥቅሙ ትንሽ ነው። እንደ መሐንዲስ የምጠይቀው፣ ከሠሩት ምን ቆመ፣ ምንስ ፈረሰ ብዬ ነው። ትምህርት ቤቱ ቆመ፤ ምክንያቱም በጀት፣ መምህርና ደንብ ነበረው። የጨርጨር ሥርዓት ግን እሳቸው ሲለዩትና ጦርነት ሲመጣ ተቋረጠ። ግድቡ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ሥራው ከሰውየው ጋር የተቆራኘበት ቦታ ሁሉ ሰውየው ሲነሣ ተናጋ። ይህ የእሳቸው ጥፋት አይደለም፤ በእሳቸው እግር የሚተካ ሌላ ሰው የሚያዘጋጅ ትምህርት ቤት ስላልነበረ ነው። አንድ ብርቱ ሰው ለአንድ ትውልድ ይበቃል፤ ተቋም ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

በዓለምም ቢሆን ይህ ትምህርት የቆየ አይደለም። የሆስፒታል አስተዳደር በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በድኅረ ምረቃ መሰጠት የጀመረው በአሜሪካ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። አዛዥ ወርቅነህ በዚያን ጊዜ ጨርጨርን ያስተዳድሩ ነበር። በአገራችን የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ራሱን ችሎ የተቋቋመው በ1940 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው ደግሞ ሐኪሙ ካረፉ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1947 ዓ.ም. ነው። ኮሌጁ በትውልድ ከተማቸው መከፈቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በደምቢያ ሜዳ ወባ ብዙ ሕዝብ ጨርሶ ስለነበር፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ከአሜሪካ መንግሥት፣ ከዓለም የጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ተባብሮ ኮሌጁን አቋቋመ። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽሕና ባለሙያ በአንድነት ሰልጥነው በአንድ ጤና ጣቢያ እንዲሠሩ ታሰበ። የጤና መኮንኑም ሐኪምና አስተዳዳሪ ሆኖ እንዲወጣ ታቀደ። ይህ በበርማ የነበረው የአውራጃ ሐኪም አሳብ በአገር ልጅ እጅ ተሻሽሎ መምጣቱ ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጤና የማስተርስ ትምህርት በ1970ዎቹ ተጀመረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከየል ዩኒቨርሲቲና ከክሊንተን ድርጅት ጋር በመተባበር የሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ከፈተ። የዚህ ትምህርት አሠራር ልብ ሊባል ይገባዋል። ተማሪዎቹ ሆስፒታል የሚመሩ ሰዎች ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሥራቸው ላይ ሆነው በተወሰኑ ሳምንታት ብቻ ወደ ክፍል ይገባሉ። የሚያጠኑት ችግርም የራሳቸው ሆስፒታል ችግር ነው።

የቆላው ጥያቄ

አሁን ወደ አካባቢያችን እንምጣ። ከገንዳ ውሃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከዚያም ወደ ቋራና ወደ አርማጭሆ የሚዘረጋው ቆላ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። በአረምና በአጨዳ ወራት ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዛት የወረዳዎቹን ነዋሪ ቁጥር ይለውጠዋል። ይህ ሰው ሜዳ ላይ፣ ከዛፍ ሥር ያድራል። ጥቁሩን ዋልካ አፈር እኛ መሐንዲሶች የምናውቀው በክረምት አብጦ በበጋ ተሰነጣጥቆ መሠረትና መንገድ በማፍረሱ ነው። የጤና ባለሙያዎች የሚያውቁት ደግሞ በዚያው ስንጥቅ ውስጥ ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በመደበቋ ነው። ለእኛ የግንባታ ችግር የሆነው ለእነሱ የበሽታ ምንጭ ነው።

ካላ አዛር የያዘው ሰው ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ በቆየው ሕክምና መሠረት ለ17 ቀናት በየዕለቱ መርፌ መውሰድ አለበት። ይህ ማለት ዘመድ ለሌለው ሠራተኛ ለ17 ቀናት አልጋና ምግብ መስጠት፣ መድኃኒቱ በመካከል እንዳያልቅ አስቀድሞ ማዘዝ፣ ጭነቱም ዝናብ መንገዱን ሳያበላሽ መድረሱን ማረጋገጥ ነው። ሐኪሙ በሽታውን ለይቶ መድኃኒቱን ያዛል። የቀረው ሁሉ የአስተዳደር ሥራ ነው። በዚያ ላይ ድንበር ነን። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ገባ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የወደቁበት ይህ በር ዛሬም የሩቅ ጉዳይ ሳይታሰብ ከደጃፍ የሚደርስበት በር ነው።

እኔ ራሴ በአንድ የቆላ ጤና ተቋም ለአንድ ጄኔሬተር ተከላ ሠርቻለሁ። ተከላው በደንቡ ተፈጸመ፤ ሞተሩም ተፈትሾ ተረከቡት። ከዓመት በኋላ ስመለስ ቆሞ አገኘሁት። የጎደለው የሞተር ክፍል አልነበረም። ለነዳጅና ለዘይት የሚሆን ገንዘብ በበጀቱ ላይ የማን ሥራ እንደሆነ ያልተወሰነ በመሆኑ ማንም ሳይጠይቅ ዓመቱ አለፈ። ይህን ችግር የሚፈታ ምህንድስና የለም።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላት የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። ከመካከላችን ወጣቶችን በጤና አገልግሎት አስተዳደር ለድኅረ ምረቃ ትምህርት ስንልክ፣ ከቦታው ነቅሎ የሚወስደውን ሳይሆን ከሥራው ጋር የተያያዘውን አሠራር እንምረጥ። የመመረቂያ ጥናታቸውም ስለ ሌላ አገር ሆስፒታል ሳይሆን ስለዚህ ቆላ ይሁን፤ በአጨዳ ወራት የሚጨምረውን በሽተኛ ስለ መቀበል፣ ከክረምት በፊት መድኃኒት ስለ ማጠራቀም፣ ስለ ውሃና መብራት ጥገና በጀት ይሁን። ትምህርቱም ለሐኪምና ለነርስ ብቻ የተተወ አይሁን። የሒሳብ ሠራተኛም መሐንዲስም ሊገባበት ይገባል። ሲመለሱ ደግሞ በተማሩበት ሥራ ላይ መቀመጣቸው በደንብ ይወሰን፤ አለበለዚያ ማስረጃው የግድግዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ያለ አባት፣ ያለ ቋንቋና ያለ አገር ተነሥተው ለመድረስ ዕድሜያቸውን የፈጀባቸውን ችሎታ፣ ዛሬ አንድ የገንዳ ውሃ ወጣት በሁለት ዓመት ትምህርት ሊጀምረው ይችላል። እሳቸው ብቻቸውን የሠሩትን ዛሬ ብዙ ሆነን ለመሥራት መንገዱ ተከፍቷል። ከመንገዱ ላይ መውጣትና መሄድ ግን የእኛ ፋንታ ነው።